በመብረቅ ወቅት የተገዛው ቴሌቪዥን

የቢቸናው ልብስ ሰፊ ፋንታ ቴሌቪዥን ላለመግዛት ያልደረደረው ምክንያት አልነበረም። ገንዘቡ አለ፤ ሚስቱ ማናለሽ ዕቁብ ሲደርሳት ለዚሁ ብላ አስቀምጣለች። ቤት ያለው ባለ ሆዱ ቴሌቪዥን አርጅቶ የሰው ፊት ከግድግዳ አይለይም። ፋንታ ግን ለየወሩ መልስ ነበረው። በጥር ሠርግ ስለሚበዛ ዋጋው ይወደዳል። በዐቢይ ጾም ዘፈን አይታይ፣ ምን ያስቸኩላል? ለፋሲካ ነጋዴው ሁሉ ይጨምራል፤ ከፋሲካ በኋላ ይረክሳል ስለተባለ ትንሽ መታገሥ ነው። በክረምት መብረቅ ያቃጥለዋል። በመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት ቀና አያሰኝም። በታኅሣሥ ደግሞ ገበሬው እህሉን ሸጦ ገበያ ስለሚወጣ ዋጋው እንደገና ሰማይ ይነካል።

“አንተ ሰውዬ፣” አለችው ማናለሽ አንድ ቀን፣ “ለአንተ ዐሥራ አራተኛ ወር ይፈጠርልህ እንዴ?”

ሰው ቆንቋና ነው ይለው ነበር። ይበለው። እውነተኛውን ምክንያት ለማንም አልተናገረም። አባቱ አለቃ ገብረ ኪዳን የዜማ መምህር ነበሩ፤ ልክ በእሱ ዕድሜ ዓይናቸው ብዥ ማለት ጀመረና ብዙም ሳይቆዩ ያለ መሪ ደጅ የማይወጡ ሆኑ። ፋንታም ካለፈው ዓመት ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶታል። “ማናለሽ፣ እጄን የመኪናው ዘይት ነክቶታል፣ እስቲ ይችን አስገቢልኝ” ይላታል። እሷም “ብርሃን ወዳለበት ልውጣ” ብላ ደጅ ትወጣና ክሩን አስገብታ ትመለሳለች። ዜና ሲከፈት ደግሞ ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው። አሮጌው ቴሌቪዥን እስካለ ድረስ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው ማለት ይቻላል። አዲሱ መጥቶ እሱም ጭጋግ ከሆነስ? ያኔ ማመካኛ የለም፤ ዓይኑ ነው ማለት ነው። ዓይኑ ከሄደ ስፌቱ ሄደ፤ ከስፌት ሌላ ደግሞ የሚያውቀው ሥራ የለም።

ይህን ሁሉ ምክንያት ያፈረሰበት የሞጣው ሐምዱ ነው። ሐምዱ ጨርቅም ኤሌክትሮኒክስም የሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን ፋንታ ከእሱ ጨርቅ ሲገዛ ዘመናት ተቆጥረዋል። በሐምሌ ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ማናለሽ ነበረች።

“በመብረቅ ወቅት ማን ቴሌቪዥን ይገዛል? ሱቄ ሞልቶ ተቀምጧል፣” አላት። “ምስሉ ጥርት የሚለው ባለ ኤችዲው የሚረክሰው አሁን ነው፤ መስከረም ከጠባ በኋላ በዚህ ዋጋ አታገኙትም። መብረቁን እንደሆነ ሰማዩ ሲያጉረመርም ከሶኬት መንቀል ነው።”

ማናለሽ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ጃንጥላዋን አነሳች።

ጭቃውን ታግለው በግንደወይን አድርገው ሞጣ ሲደርሱ ከተማው መብራት ጠፍቶበታል። ሐምዱ አፈረ። “ከፍቼ ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አድራችሁ ነገ ታዩታላችሁ?”

“የለም የለም፣” አለ ፋንታ ችኩል ብሎ፣ “አንተን እናምንሃለን።”

መብራት ስለጠፋ እግዚአብሔርን ያመሰገነው በሕይወቱ ያን ቀን ብቻ ነው። ሐምዱ እንከን ካለው መልሶ እንደሚቀበል ቃሉን ሰጠ፤ ካርቶኑን አቁመው እንጂ አጋድመው እንዳይጭኑትም አስጠነቀቀ። ፋንታ እንደ በሽተኛ ደግፎት ቢቸና ገባ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ማናለሽ ጓዳ ሳለች ፋንታ ከሪሲቨሩ የሚመጣውን ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ነቅሎ አዲሱ ላይ ሰካው። ከፈተ። ጭጋጉ ያው ነው፤ እንዲያውም ከስክሪኑ ጋር አብሮ ሰፍቷል። ከታች የሚያልፈው ጽሑፍ የጉንዳን መንገድ መሰለው። እንደ ደነገጠ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ማናለሽ እጇን እየጠረገች መጣችና አየች። “ትልቅ ነው” አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ካርቶኑ ሲገባ ያየችው ጎረቤታቸው ዘሪቱ ይህን ጊዜ ደረሰች። “ክፉ አይንካው፣ የበረከት ያድርግላችሁ። ኧረ ጋሼ ፋንታ፣ ጥራቱ! የሰዎቹ ጥርስ እኮ ይቆጠራል፣” አለች። ፋንታ ጥርሱ ቀርቶ አፋቸው የቱ ጋ እንዳለ አልለየም። የቀረችው ትንሽ ተስፋም ተሟጠጠች።

ዘሪቱ ስትወጣ ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

“ማናለሽ፣ ቁጭ በይ።” ድምፁ ስላስፈራት ተቀመጠች። “ዓመት ሙሉ ደብቄሻለሁ። ያን ሁሉ ምክንያት የደረደርኩት ለዋጋው ብዬ አልነበረም። ዓይኔ እንደ አባቴ ሊሆን ነው። ዘሪቱ ጥርስ ስትቆጥር ለእኔ ሁሉም ጭጋግ ነው።”

ማናለሽ ትኩር ብላ አየችው። “አሁን ያየነው ለአንተ ጭጋግ ነው?”

“ጭጋግ።”

“ለእኔስ ምን መሰለህ? በጭቅጭቅ ያስገዛሁህ እኔ ስለሆንሁ አፍሬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ከአሮጌው በምን ይሻላል?”

“ዘሪቱስ?”

“ዘሪቱ ምን ትበል? አዲስ ዕቃ የገባበት ቤት መጥታ ‘ብዥ ይላል’ ትበል? የጨዋ ልጅ እኮ ናት።”

እውነቷን ነው። በዚያ አገር አዲስ ዕቃ ይመረቃል እንጂ አይነቀፍም፤ እጅጌው ለጠበበው ሰው እንኳ “አማረብህ፣ በላይህ ይለቅ” ነው የሚባለው። ፋንታ ልብስ ሰፊ ሆኖ ይህን መዘንጋቱ ነው የሚያስገርመው። እሱ ራሱ ያበላሸው ስንቱ ኮት ተመርቋል።

ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን ዳግመኛ ከፈተው። ጭጋጉን ቀረብ ብሎ አየው፤ ራቅ ብሎም አየው። እንዲህ ያማረ ጭጋግ አይቶ አያውቅም። ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተንከባለለና ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጡ።

“ለተበላሸ ዕቃ ይሳቃል?” አለችና ማናለሽ ስልኳን አንስታ ሐምዱ ላይ ጮኸች።

ሐምዱ አስጨርሷት፣ “ሪሲቨሩ የድሮው ነው?” አላት። “አዎ። ገመዱም የድሮው ነው።” “ታዲያ አሮጌ ሪሲቨር ኤችዲ ከየት ያመጣል? መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኤችዲ የሚስበውን ከነገመዱ በነገው ሚኒባስ እልክላችኋለሁ።”

እንዳለውም ላከ። አዲሱ ሪሲቨር ሲሰካ ቤቱ ውስጥ መስኮት የተከፈተ መሰለ። ፋንታ ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ቆሞ ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ አንድም ሳያስቀር ጮክ ብሎ አነበበ። ማናለሽ “ዜና አንባቢ ቀጠርን እንዴ?” ብትለውም አላቆመም።

ጠግቦ ካነበበ በኋላ ወደ ስፌቱ ሄዶ መርፌና ክር አነሣ፤ ክሩ ግን አልገባ አለው። ፊቱ እንደገና ጠቆር አለ። “ይሄስ፣ ማናለሽ? ይሄ እንኳ የሪሲቨር አይደለም።”

“እሱማ ዕድሜ ነው። እኔም ካቃተኝ ቆይቷል።”

“ስታስገቢልኝ የኖርሽውስ?”

“ብርሃን ፍለጋ የምወጣ መስሎህ ነበር? ዘሪቱ ናት የምታስገባልኝ፣” አለች ማናለሽ ዓይኗን ሰበር አድርጋ። “ባሕር ዳር ሄደን ዓይናችንን እንታይ፣ መነጽርም እንግዛ። ለአንተም ለእኔም። የሚረክሰው በስንተኛው ወር ነው?”

ፋንታ መርፌውን ክር እንዳልገባበት ጨርቁ ላይ ሰካው።

“ነገ” አለ።