አፏን ትዝጋ

ቢያዝን ወረቀቷን አንብቦ እንደጨረሰ በሩን ዘጋ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ሬዲዮኑን ግን ከፈተ። ገና እኩለ ቀን ነው። የጣና ነፋስ እንኳ እንዳይገባ ተከልክሎ ውጭ ቀረ።

"ማን ነው ይህን የሰጠሽ?" አላት ልጁን በሹክሹክታ።

"የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነው አልሁህ እኮ! ጋሼ አለበል።"

"ቀስ በይ! ግድግዳ ጆሮ አለው።"

"ጆሮ ካለው በዚህ ሬዲዮን ደንቁሯል" አለች ወለላ።

እናቷ እናትዓለም ጭኗን መታች። "ይቺ ምላስ! ይኸው ጉድ አመጣችብን!"

ነገሩ የጀመረው ከድድ ነው። ወለላ ድዷ መድማት ከጀመረ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ጠዋት ስትነሳ አፏ እንደ ቁርበት ደርቆ ታገኘዋለች። ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው አደይ ደግሞ ቀስ በቀስ እየተንፏቀቀች የዴስኩ ጫፍ ደርሳለች። "ስምሽ ወለላ፣ ትንፋሽሽ አምባዛ" ብላታለች በግልጽ። ከሐይቁ የወጣ አምባዛ ፀሐይ ላይ ሲያድር ምን እንደሚሸት ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቅ ስለሌለ፣ ወለላ በዚያው ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደች። ድሬሰሩ አፏን አየ፤ የተሰለፈው ሰው እስከ በሩ ደርሶ ነበርና ከእሷ ጋር ከመከራከር ብሎ ወረቀት ጻፈላት። "ለአባትሽ ስጪ" አላት፤ አጥፎ።

ቢያዝን መልሶ አነበበው። "ለጓድ ቢያዝን። ልጅቱ አፏን ትዝጋ። ካልዘጋች ገና በልጅነቷ ጥርሷ ይረግፋል። ሳይዘገይ ይታሰብበት።" ከታች፣ ከመስመር በታች ለብቻዋ አንዲት ቃል አለች፤ "ገልብጥ"።

በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገባ የመጀመሪያው አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በሰባ፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ክንዱ የሚባለው የቢያዝን ታናሽ ወንድም "አፍህን ብትዘጋ ይሻልሃል" የምትል ቁራጭ በበሩ ሥር ገብታ አግኝቶ ስቆባት ነበር። በሳምንቱ ዓሣ ልግዛ ብሎ ወደ ሐይቁ እንደወረደ አልተመለሰም።

"ምን ምን ጠየቀሽ?"

"የት ነው የምትተኚ አለኝ። ከማን ጋር ነው የምትተኚ አለኝ። ሌሊት ነቅቶ የሚያይሽ ሰው አለ ወይ አለኝ።"

"ሰማሽ?" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። "ቤቱን እያጠና ነው! ሌላስ?"

"አፍንጫዬ ሥር መስተዋት ያዘና አፍሽን ዝጊ አለኝ። ዘጋሁ። ልታፈን ስል ሳቀ።"

"ሳቀ?" ቢያዝን አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። የሚቆጣስ ይለመናል። የሚስቅ ነው የሚያስፈራ። "ምን አውርተሻል፣ ወለላ? የትኛው ስብሰባ ላይ?"

ወለላ አንድ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው የውይይት ክበብ ላይ፣ "የቀበሌው ሊቀ መንበር ሲናገር ምራቁ ስለሚረጭ ፊት ለፊት የሚቀመጥ ጃንጥላ ይያዝ" ብላለች። ያለችው ለአደይ ብቻ ነው፤ በጆሮዋ። አደይ ዴስኩን የሸሸችው ታዲያ በእውነት በትንፋሽ ነው?

"ምንም" አለች።

"ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ዱርቤቴ ትሄጃለሽ። አክስትሽ ወለተ ሚካኤል ዘንድ ትቀመጫለሽ።"

"ፈተናውስ? የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ሳምንት ነው የቀረው!"

"ጥርስሽ ከረገፈ ፈተና ምን ሊሠራልሽ?"

"በጥርሴ ነው የምጽፍ?"

ቢያዝን ክብሪት አውጥቶ ጫረ። "ገልብጥ ይላል! ማንን ነው የምገለብጥ እኔ? ይህ ቃል እጄ ላይ ቢገኝ አለቀልን።"

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። ማንኳኳት እንኳ አይባልም፤ እትዬ ሸዋዬ ከገቡ በኋላ ነው የሚያንኳኩት። ክብሪቱ የቢያዝንን ጣት ለበለበው፤ ወረቀቷም አምልጣ እግራቸው ሥር ወደቀች።

እትዬ ሸዋዬ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ያም አልበቃ ብሎ ባለፈው ሐሙስ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለዋል። ከዚያ ወዲህ የሳሙና መጠቅለያም ሆነ የአውቶቡስ ጎን ሳያነቡ አያልፉም።

"በጠራራ ፀሐይ ቤት ዘግታችሁ ምን ትመክራላችሁ?" አሉና ወረቀቷን አነሱ።

"እሱን ይተዉት፣ የፋብሪካ..." አለ ቢያዝን።

"ልጅቱ... አ... ፏን... ት... ዝጋ።" ቀና ብለው ወለላን አዩ። "ይህስ እውነቱን ነው።" ቀጠሉ፤ በፊደል በፊደል። እናትዓለም በልቧ ሥላሴን ጠራች። "ገል... ብጥ።"

ሁሉም እሳቸው ላይ አፈጠጡ። እትዬ ሸዋዬ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወረቀቷን ገለበጡ።

"ምን ታፈጣላችሁ? ገልብጥ ካለ ይገለበጣል። መምህራችን እንዲህ ነው ያስተማረን።" ከጀርባዋም ጽሑፍ ነበረባት። "ልጅቱ... ሌሊት የምትተነፍሰው... በአፏ ነው። ምራቅ ሲደርቅ ድድ ይደማል፤ አፍ ይሸታል፤ ጥርስ ይበሰብሳል። አፍንጫዋን የሚያፍናት ነገር... እንዳለ... የምትተኛበትን ቦታ እዩ። ማክሰኞ... ትመለስ።"

ሁሉም ወደ ወለላ መደብ ዞሩ። ትራሷ አባቷ ከሚሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በተረፈ ብጥስጣሽ ጥጥ የተሞላ ነው። ከትራሷ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ቢያዝን በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ የሚሰቅለው ቱታ ጥጥ እንደ ዱቄት ነስንሶበት ተንጠልጥሏል። እትዬ ሸዋዬ በመዳፋቸው መታ ቢያደርጉት ቤቱ ጉም ለበሰ። ወለላ ሦስት ጊዜ አነጠሰች።

"ይማርሽ!" አሉ።

ቢያዝን ሳቀ። ከሚገባው በላይ ሳቀ። ቱታውን ከምስማሩ አውርዶ "ከዛሬ ጀምሮ ውጭ ነው የሚሰቀል፣ ውጭ!" አለ።

እትዬ ሸዋዬ ግን አልሳቁም። መሬት ላይ የወደቀችውን የክብሪት እንጨት እያዩ ነው። "ለመሆኑ ጓድ ቢያዝን፣ ይህን ወረቀት ልታቃጥለው የነበረ ምን መስሎህ ነው?"

ቢያዝን ሚስቱን አየ። ሚስቱ ሬዲዮኑን አየች። እትዬ ሸዋዬ መልስ ወደማይጠፋት ልጅ ዞሩ።

"ወለላ፣ አንቺ ንገሪኝ እስቲ። አባትሽ ምን መሰለው?"

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ያውም የሚያስቅ። ግን የአባቷን እጅ አየች። ቱታውን ጨምድዶ ይዟል፤ ጥጡ ቀስ እያለ መሬት ላይ ይረግፋል።

ወረቀቷን ከእትዬ ሸዋዬ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። መልሳ ገለበጠቻትና "አፏን ትዝጋ" የምትለዋን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። ከዚያ ከንፈሯን ገጥማ፣ በአንዷ የአፍንጫ ቀዳዳ እያፏጨች፣ በአፍንጫዋ ተነፈሰች።