የታጠበው ጠጠር

ሽማግሌው ኦፖንዶ ንጽሕና ይወዳሉ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሀይቁ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ መረባቸውን ሳያጥቡና ፀሐይ ላይ ሳያሰጡ ቤታቸው ገብተው አያውቁም። ያልታጠበ መረብ ይበሰብሳል፤ ባለቤቱም የመንደር መሳቂያ ይሆናል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው ጀልባዋን ትተው ሀይቁ ዳር ባለችው ኪሱሙ ከተማ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጅየው ለሥራ ሞምባሳ ስለሚከርም የግቢው አዛዥ ምራታቸው አኬዮ ናት።

አኬዮ እዚያው ግቢዋ ውስጥ ዓሣ ታረባለች። አንድ ትልቅ የውሃ ታንከር ውስጥ ስልሳ ቆሮሶ ዓሣ ይዋኛል። ፓምፑ ውሃውን ስቦ ጠጠር የሞላው ሳጥን ላይ ያፈሰዋል፤ ጎመኑ አፈር የሚባል ሳያይ በጠጠሩ መሐል ይንዠረገጋል፤ ውሃው ደግሞ ጠርቶ ወደ ዓሣዎቹ ይመለሳል። ኦፖንዶ ግን "ዓሣ በጋን ውስጥ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ" እያሉ ስንቴ ስቀውባታል። እናቷም ስቀዋል። ለዚህ ነው ቅዳሜ ከትውልድ መንደሯ ከአሴምቦ ዘመዶቿን ጠርታ በገዛ ዓሣዋ ልታበላቸው ቃል የገባችው።

ሰኞ ዕለት ለለቅሶ ወደ አሴምቦ ሄደች። ሽማግሌው ብቻቸውን ሲቀሩ ጠጠሩን ዳሰሱት። ቡናማ ልጋግ ለብሶ ያሟልጫል። "እንግዳ ሊመጣ፣ ይሄ ቆሻሻ!" አሉ። ጎመኑን አንድ በአንድ ነቅለው ባልዲ ውስጥ አቆሙት። ጠጠሩን በዱቄት ሳሙና ፈተጉት፣ አለቀለቁት፣ እንደ መረብ ፀሐይ ላይ አሰጡት። ማታ ከነጎመኑ ወደ ሳጥኑ ሲመልሱት ጠጠሩ እንቁላል መስሎ ነበር። እንዴት ደስ እንዳላቸው!

ሐሙስ አኬዮ ስትመለስ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከውሃው በላይ አየር ይለምናሉ። ሰባቱ ሞተው ተንሳፍፈዋል።

"ፓምፑ ይሠራል! ምግቡም ያው ነው! ምን አጠፋሁ?" እያለች፣ እያለቀሰች ትሯሯጥ ጀመር።

"የአሴምቦ ልጅ፣ አታልቅሺ" አሉ ኦፖንዶ። "ጠጠሩን አጥቤዋለሁ።"

"በውሃ?"

"በሳሙና። ፀሐይም አሰጣሁት።"

መሬት ላይ ዘጭ አለች። "አባባ፣ ጨረሷቸው!"

"ዓሣ መቼ ድንጋይ በላና?"

"ድንጋዩ ላይ የሚኖሩትን ነው የምልዎ! በዓይን አይታዩም። የዓሣውን እድፍ የጎመን ምግብ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ ዓሣው በገዛ ሽንቱ ይመረዛል። እስኪበዙ ሁለት ወር ነው የጠበቅኋቸው!"

"ታዲያ አሁን ከየት ይገኛሉ?"

"እንደ እርሾ ካለው ሰው ይለመናሉ። ያለው ደግሞ ኦልዌኒ ነው።"

ኦፖንዶ ክው አሉ። ኦልዌኒ የድሮ ጓደኛቸው ነው፤ ጀልባውን ሸጦ ግቢው ውስጥ ዓሣ ማርባት ሲጀምር፣ በሰው ፊት "ሴትዮዋ!" ብለው የሰደቡት እሳቸው ናቸው። ምን ያድርጉ? ዓሣዎቹ እያለቁ ነው። ባልዲ አንጠልጥለው ሄዱ።

"ማነው? የሀይቁ ንጉሥ!" አለ ኦልዌኒ በሩ ላይ። "ምን እግር ጣለህ?"

"ድንጋይ ልለምን።"

"ኪሱሙ ሙሉ ድንጋይ አይደል እንዴ?"

"ያንተን፣ ልጋጋሙን ነው የፈለግኩት። የኔን አጥቤው..."

ኦልዌኒ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ባልዲውን ተቀብሎ ራሱ ሞላላቸውና እርጥብ ጆንያ አለበሰው። "ቶሎ በል፣ ሳይደርቁብህ። ዓሣዎቹን ‹ሴትዮዋ ሰላም ብላችኋለች› በላቸው።"

አኬዮ ግማሹን ውሃ ቀየረች፣ ምግብ ከለከለች፣ የለመኑትን ጠጠር በሳጥኑ ላይ በተነች። ዓርብ አምስት ዓሣ ሞተ። ቅዳሜ ዘመዶቿ ሲመጡ ዶሮ ታረደ፤ ኦፖንዶም ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥተው "ጥፋቱ የኔ ነው፣ በእሷ እንዳትስቁ" አሉ። እናቷ አንገታቸውን ደፉ።

ጠጠሩ በተበተነ በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ኦፖንዶ ታንከሩ ላይ ሲያጎነብሱ ከላይ አንድም ዓሣ የለም። አለቁ ብለው ፈሩ። ጥቂት ምግብ ጣሉ። ከሥር ውሃው ፈላ፤ አርባ ስምንቱም እየተጋፉ ወጥተው ምግቡን ነጥቀው ጠለቁ። ሽማግሌው እጃቸውን ጠጠሩ መሐል ሰደዱ። እንደገና ያሟልጫል። ዓይን የማያያቸው፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ሌት ተቀን የሰውን ዓሣ የሚያጥቡ። እጃቸውን ቀስ ብለው አወጡ።

"አኬዮ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ፤ "ሀይቁንስ ማነው የሚያጥበው?"

"እነሱው ናቸዋ፣ አባባ።"

"ወደ ሀይቁ ውሰጂኝ።"

ወሰደቻቸው። ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። ከሥር ያለው ድንጋይ ያዳልጣል። ሃምሳ ዓመት ጀልባ ሲገፉ እየረገጡ፣ እየወደቁ፣ እየረገሙት ኖረዋል። አሁን እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም።

"ይበቃል አባባ፣ ይወድቃሉ፤ ይውጡ" አለች አኬዮ ከዳር ሆና።

አንድ እግራቸውን አነሡና መልሰው ማሳረፍ አቃታቸው።

"ቆይ ልጄ" አሉ፤ "በየድንጋዩ ላይ እነሱ አሉ፤ የት እንደምረግጥ ጠፋኝ።"