የአሥር ደቂቃዋ አድማጭ

በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አሥራ አንድ ስሞች ነበሩበት። ቀለም ቀቢው ከላይ ወደ ታች አነበባቸው፤ ደግሞ ከታች ወደ ላይ። የእርሱ የለም።

ዝርዝሩ የዛሬውን ፈተና ካለፉ ሰኞ ወደ እስር ቤቱ የሚገቡትን ነው የያዘው፤ ከሱስ የወጡ፣ ታስረውም የተፈቱ፣ አሁን ደግሞ ለታሳሪ ደጋፊ ለመሆን የሠለጠኑ ሰዎችን። ታናሽ ወንድሙ እዚያ ታስሯል። ከሐኪምም ከአማካሪም ጋር አልነጋገርም ብሎ አስቸግሯል። ባለፈው ሊጠይቀው ሄዶ «ሰኞ ውስጥ ድረስ እገባልሃለሁ» ብሎት ነበር።

አሠልጣኙ ወደ ጥግ ወሰደው።

«አንድ ዓመት ሙሉ ሳይቀምስ የቆየ ብቻ ነው የሚገባው» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተ ከእናትህ ቀብር ማግስት ጠጥተሃል፤ ገና አራት ወርህ ነው። ምነው ሳትነግረን?»

ቀለም ቀቢው ክው አለ። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የልምምድ ጥንዱ ነርሷ።

በየሳምንቱ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። አንዱ አሥር ደቂቃ ያወራል፣ ሌላው ያለ ብዕር ያለ ወረቀት ያዳምጣል። «‹ደህና ነኝ› ያላችሁ ታሳሪ በሩን ዘግቶባችኋል» ብሏቸዋል አሠልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን፤ «አትነዝንዙት፣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ።» ለልምምድ የፈጠራ ወሬም ይበቃ ነበር። ሌሎቹ የሌለች ሚስት ፈጥረው ሲጣሉና ሲታረቁ ይውላሉ። እርሱ ሞኙ እውነቱን ዘረገፈው። ምን ያድርግ፣ ሴትዮዋ ማዳመጥ ታውቅበታለች! የመድኃኒት ቁም ሣጥን ሰብራ መታሰሯን እንኳ ሳትደብቅ ነግራዋለች። ያን ቀን እጁን ይዛ «ይሄ እዚሁ ይቀራል፣ ወንድሜ» አለችው።

ወንድሜ! የእሷ ስም ዝርዝሩ አናት ላይ ነው።

ዛሬ የምትፈተነው በማዳመጥ ነው፤ ተናጋሪዋ ደግሞ እርሱ። ያለ ጥንድ የሚፈተን ስለሌለ ጥሏት ቢሄድ እሷም ወደቀች ማለት ነው። ደረጃው ድረስ ሄዶ ቆመ፤ ከዚያ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ ለራሱም አልገባውም።

ነርሷ ወንበሮቹን ፊት ለፊት እያስተካከለች ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

«እዚያ ውስጥ መጠጥ እንደ ልብ ይገኛል» አለች በሹክሹክታ። «ወንድምህ ፊት ብትወድቅስ? ፈራሁልህ።»

«ፍርሃትሽን ለእኔ መንገር አቃተሽ?»

ወንበሩን ትንሽ ገፋ አደረገች። «ሰኞ እኔ እሄድለታለሁ» አለችው።

ከሁሉ ይህ አቃጠለው። ሊጠላት ፈልጎ ነበር፤ የተሰማው ግን ከቀብር የመመለስ ዓይነት ሐዘን ነው። ሰኞ ወንድሙ በሩን በሩን ሲያይ ይውላል። የምትገባው እሷ ናት።

«ጀምሩ» አለ አሠልጣኙ ሰዓቱን አይቶ።

ጉልበታቸው ገጠመ። ነርሷ ዓይኑን አየችውና በዚያው በሚያውቀው ለስላሳ ድምፅ «ዛሬ እንዴት ነህ?» አለችው።

«ደህና ነኝ።»

ነርሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ጠበቀች። ገና ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ይቀራቸው ነበር።