የአልአዛር ኦሊዮ

«ቡሎኑ አልፈታ አለ እኮ!» አለ ዓብዱልጀሊል ከታክሲዋ ሥር ተንጋሎ። «በምን ጉልበትህ ነው ያጠበቅኸው ጋሽ ቀጸላ?»

«ምታው» አለ ቀጸላ።

ሁለቴ ሲመታው ተፈታ። ኦሊዮው ጠቁሮና ወፍሮ፣ እንደ ማር እየተጎተተ ወደ ጣሳው ወረደ።

ዓብዱልጀሊል በጅቡቲ ከተማ የካርቲየ ሰባት ሰፈር መካኒክ ነው። ድሬዳዋ ስላደገ ታላቁንም ታናሹንም «አንተ» ነው የሚል። የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰዉ ሁሉ ለመቃም ሳይቀመጥ ሥራውን መጨረስ አለበት፤ ጅቡቲ ውስጥ ከቀትር በኋላ ቡሎን ሲፈታ የተገኘ ሰው ወይ አብዷል ወይ እንግዳ ነው።

«ግን ለምን አሁን?» አለ ወጥቶ እጁን እየጠረገ። «ስንት ዓመት ሲለምንህ እምቢ ብለህ!»

ቀጸላ የአዲሱን ኦሊዮ ጣሳ አቀበለው። ቀጸላን የሚለምነው የገዛ ልጁ አልአዛር ነበር። ወደ ኢትዮጵያ በሚወስደው በጋላፊ መንገድ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ከተማ በገባ ቁጥር ከአባቱ ጋር የሚጨቃጨቀው በዚሁ ኦሊዮ ነው።

«አባዬ፣ ሲንተቲክ አድርግላት፣ ቀጭኑን አዲስ ኦሊዮ። ሙቀቱን ይችልላታል፣ ሆዷንም ያጥብላታል።»

«ሂድ ወዲያ! አሮጌ ሞተር የለመደውን ነው የሚጠጣ። ካጠብካት ታፈሳለች።»

እየሳቁ ይጀምሩና ተኮራርፈው ይለያያሉ። የመጨረሻውም ጊዜ እንደዚያው ነበር። ከጥምቀት በኋላ አልአዛር መኪናው ተገልብጦበት ሞተ።

ከቀብሩ ወዲህ ቀጸላ አላለቀሰም። «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፤ ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ተሳፋሪ እጁን ሲያነሣ ያቆማል። ሚስቱ አበሩ «ምነው አንዴ እንኳ ብታለቅስ!» ትለዋለች። እሱም ይገርመዋል። ውስጡን ቢፈልግ ቢፈልግ የሚያመው ቦታ አጣ።

ዛሬ ጠዋት ግን ተነሥቶ ሲንተቲክ ገዛ። ታክሲዋ ካፈሰሰች እንጀራቸው እንደሚቆም አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ልጁ አንዴ እንኳ ልክ ሆኖ እንዲገኝ ፈለገ፤ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም።

ሻይ ሻጯ ጀዋሪያ ጀሪካን ይዛ ከጎረቤት ብቅ አለች። «አሮጌውን እንዳትደፉት! የቤቴን እንጨት ምስጥ ጨረሰብኝ፤ ልቀባው።»

«ውሰጂው» አለ ቀጸላ።

አዲሱ ገባ። ሞተሩ ሲነሣ ዓብዱልጀሊል ጆሮውን አስጠግቶ ሳቀ።

«ወላሂ፣ ለሰለሰች! ስማት እስቲ!»

ቀጸላ እስከ ራስ ዲካ ነዳት። ባሕሩ ዳር ሲደርስ «ልክ ነህ» አለ፣ ብቻውን፣ ጮክ ብሎ። ከዚያ ተሳፋሪ አገኘና ሥራውን ቀጠለ።

በሳምንቱ ታክሲዋን ካደረችበት ሲያንቀሳቅስ መሬቱ ላይ የኦሊዮ ነጠብጣብ አየ። በጫማው አሸዋ አለበሰው። በማግስቱ ነጠብጣቡ ሰፋ፤ ኦሊዮውም ጎደለ። ወደ ዓብዱልጀሊል ወሰዳት።

መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑን መሬት መሬት አደረገ።

«ኦሊዮው እንዳይወጣ የሚይዘው ጎሚኒ አርጅቷል። ቆሻሻው ነበር ደፍኖ የያዘው፤ አዲሱ ኦሊዮ አጠበው። እሱን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፤ ብዙ ቀን ትቆምብሃለች።» ወደ መሣሪያ ሣጥኑ ዞረ። «አንተ ልክ ነበርክ ጋሼ። አምጣ፣ ወፍራሙን ልመልስላት። ቀስ በቀስ ይደፈናል።»

ልክ ነበርክ። ቀጸላ ቃሉን ለራሱ ደገመው። ከቀብሩ ወዲህ ያመመው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። የታክሲዋን በር ተደገፈ። በክርክሩ ረትቷል፤ የሚረታው ልጅ ግን የለም።

«አታፈስም» አለ።

«ጋሼ፣ እያየሃት!»

«አታፈስም አልኩህ።»

ዓብዱልጀሊል የሽማግሌውን ፊት አይቶ የመሣሪያ ሣጥኑን ዘጋ።

ቀጸላ ከማዶው ሱቅ አንድ ጣሳ ሲንተቲክ ገዝቶ ተመለሰ። ኮፈኑን ከፈተ፤ ጠብ ሳያደርግ የጎደለውን ሞላ፤ የተረፈውን መቀመጫው ሥር አስገባ።

«በየጠዋቱ እንዲህ ስትሞላ ልትኖር ነው?» አለ ዓብዱልጀሊል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«በየጠዋቱ» አለ ቀጸላ፤ ኮፈኑንም ዘጋ።