ሚሊ የመረጠችው ማዘርቦርድ

ነገሩ ከመበላሸቱ በፊት በሚሊ ወንድም የኮምፒዩተር ጥገና ሱቅ ውስጥ ሁለት የሥራ ጠረጴዛዎች ነበሩ። በመስኮቱ በኩል ያለው የወንድሟ ነው፤ ብየዳ የለበለበው፣ ብሎን የተበተነበት፣ አንድ እግሩ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈ። በግድግዳው በኩል ያለው ሁለተኛው ባለቤት አልነበረውም። መብራቱ ደህና ነው፣ ሶኬቱ ይሠራል፣ ወንበሩ ግን አቧራ ለብሷል። በዚያ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የኮምፒዩተር ክፍሎች ሁሉ የሚሰኩባቸው ሦስት ማዘርቦርዶች ከካርቶናቸው ወጥተው ተደርድረዋል። ሚሊ ከፊታቸው ቆማ አንዱን ትመርጣለች።

ሚሊ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። ልጅ ሳለች ዳቦ ሲቆረስ «የእኔ በሚሊ ሜትር ያንሳል» እያለች ትሟገት ነበር። ኋላም መነጽር ሠሪ ሆነችና ስሙ ከሥራዋ ጋር ገጠመላት። የመነጽር መስታወት ስትሞርድ፣ ሌላው ሰው የማያየውን ስህተት እሷ በጣቷ ጫፍ ትለየዋለች። እሱን ደግሞ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ጫማ የገዛላትም፣ መነጽር ቤቱ ውስጥ ያስቀጠራትም እሱ ነው።

አሁን ያ መነጽር ቤት መስታወት በራሱ የሚሞርድ ማሽን ገዝቷል። ባለቤቱ እያፈረ፣ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ሥራ እንደሌላት ነግሯታል። ይህን የሰማው ወንድም ጋሼ እናታቸው ባሉበት ቃል ገባላት። አንድ ኮምፒዩተር፣ ከእቃ መረጣው ጀምሮ ያለ ማንም እርዳታ ትገጣጥም፤ የኮምፒዩተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ኦቨርክሎክ አድርጋ፣ ማለትም ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ አስኪዳ፣ በአምስት ጊጋኸርዝ ፍጥነት አንድ ሰዓት ሳይጠፋ ከሠራ ሁለተኛው ጠረጴዛ ከነሥራው የእሷ ነው። ከሱቁ ደንበኞች የሚበዙት ቪዲዮ የሚያቀናብሩና ጌም የሚጫወቱ ስለሆኑ፣ ይህን የማይችል ሰው እዚያ ወንበር ላይ ቢቀመጥ ትርጉም የለውም። ፈተናው ተገቢ ነው ብላ ተቀበለች።

ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱ ሊቀየር የሚችል ዓይነት ነው። የቀረው ማዘርቦርዱ ነው። ፕሮሰሰሩ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የተቀመጠበት ቦርድ ካልፈቀደለትና በቂ ኃይል ካላቀበለው እግሩ እንደታሰረ ፈረስ ነው።

የመጀመሪያውን ወዲያው ወደ ካርቶኑ መለሰችው። ርካሽ ነው፤ ፍጥነት መቀየር ግን ጨርሶ አይፈቅድም። ሁለተኛው ቀይና ሰማያዊ መብራት ያለው፣ ሰፋፊ የብረት ሽፋን የለበሰ ጌጠኛ ነው። ወንድሟ ጓዳ ውስጥ የዚህ ዓይነት ክምር አለውና እሱን እንድትወስድ ወተወታት። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ መብራት የለውም፤ ከለቅሶ የተመለሰ ይመስላል። ለሱቁ እቃ የሚያመጡት ሴት አስመጪ ለናሙና የላኩት አንዱን ብቻ ነበር።

ሚሊ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያቀብለውን ክፍል መረመረች። የጌጠኛው ሽፋን በጣቷ ስትጫነው እንደ ቆርቆሮ ይሰረጉዳል፤ በፕላስቲክ መሰኪያ ነው የተያዘው። ፈትታ ብታየው ከሥሩ ካሉት ስድስት ኃይል አቀባይ ቺፖች ሁለቱን አይነካም። የጥቁሩ ብረት ወፍራም ነው፣ በብሎን ታስሯል፣ ከሥሩ ያሉትን አሥራ ሁለቱንም እኩል ተጭኗቸዋል። ሸክሙን ስድስት ሰው ከሚሸከመው አሥራ ሁለት ሰው ቢሸከመው የማናቸውም ትከሻ አይቃጠልም።

«ማዘርቦርድ ነው የምትመርጪው ወይስ የእርሻ በሬ?» አለ ወንድሟ እየሳቀ። «ጥርሱን ማየት ብቻ ነው የቀረሽ።»

«በሬ ሲደክመው ይተኛል» አለችው። «ይኼ ሲደክመው ይቃጠላል።»

ጥቁሩን ያዘች። ወንድሟ ትከሻውን ሰበቀና ምርጫው የራሷ እንደሆነ፣ ኋላ ማማረር እንደሌለ ነገራት።

በእረፍት ቀኗ መጥታ ገጣጠመችው። ፕሮሰሰሩን በቦታው ስታስቀምጥ ትንፋሿን ያዘች። ብሎኖቹን አንዱን አጥብቃ ሌላውን ከማላላት ይልቅ ሁሉንም በየተራ ጥቂት ጥቂት እያዞረች አሰረች፤ የመነጽር ፍሬም ሲታሰር እንዲህ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ሥራ ቀረ። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነቃው፣ የፕሮሰሰሩም ፍጥነት የሚታዘዝበት ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም ቦርዱ ውስጥ ነው ያለው፤ እሱ መታደስ አለበት።

«እሱን ለእኔ ተይው» አላት ወንድም ጋሼ። «መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ሬሳ ሆኖ ይቀራል። የእኔ እጅ ለምዶታል። አንቺ ይልቅ የሚጠጣ ነገር ገዝተሽ ነይ።»

አንጀቷን በላው። ፈተናው የብቻዋ ቢሆንም አደጋው እንዳይደርስባት ማሰቡ ነው ብላ ወጣች። ስትመለስ ሥራው አልቋል፤ ወንድሟም የማሽኑን ሽፋን በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ሚሊ አምስት ጊጋኸርዝ ብላ ጻፈች። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፤ ፍጥነቱ ግን ፋብሪካው የሰጠው አራት ነጥብ ሁለት ነው። ደግማ ጻፈች፤ ያው። ከአምስት ዝቅ አድርጋ ሞከረች፤ ያው። አልጋለም፣ አልጮኸም፣ አልተበላሸም፤ ብቻ አልሰማም አላት። ወንድሟ ከኋላዋ መጥቶ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ።

«አይዞሽ። ቦርዱ ነው እምቢ ያለው። ናሙና አይታመንም ብዬሽ ነበር እኮ።»

እንዲህ ማለቱን አላስታወሰችም። የተባለችውን የማትረሳ ሰው ናት፤ ግን ወንድም ጋሼ ካለ ብሏል፣ እኔ ነኝ የዘነጋሁት አለች።

ከዚያ በኋላ ዓይኗን ማመን ተሳናት። መነጽር ቤት የሞረደችውን መስታወት ለክታ ታስቀምጣለች፣ ተመልሳ ትለካለች፣ ባለቤቱንም እዩልኝ ትለዋለች። ሰውየው የእሷን ሥራ ፈትሾ አያውቅምና «ምን ነካሽ?» ይላታል። እናቷ ደግሞ ታላቅ እያለ ታናሽ ሲመርጥ መጨረሻው ይኸው ነው አሏት። ሁለተኛው ጠረጴዛ ብዙም ባዶ ሆኖ አልቆየም። የወንድሟ ሚስት ወንድም ተቀመጠበት። ይህ ጎረምሳ እህቱ ቤት ከመጣ ወዲህ ከሶፋው ተነስቶ ስለማያውቅ፣ ከግድግዳ አይነቀልም ሲሉ ቻርጀር ብለውት ነበር። ወንድሟ «ለጊዜው ነው» አላት። ቻርጀር ግን የራሱን ትራስ ይዞ መጥቶ ወንበሩ ላይ አድርጎ ነበር።

ሚሊ ማሽኑን ወደ አስመጪዋ ይዛ የሄደችው ተበላሽቷል ብላ ቦርዱን ልታስቀይር ነው። አስመጪዋ ድምፃቸው ጎርናና፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሴት ናቸው። ማሽኑን ሰክተው አስነሱት፣ የስክሪኑን ጥግ አዩና ሳቁ።

«ይኼማ ምንም አልሆነ። የትምህርት ቤቱን ባዮስ ጭናችሁበት እንዴት ፍጥነት ይቀይር?»

ሚሊ አልገባትም። አስመጪዋ አስረዷት። ለትምህርት ቤትና ለቢሮ የሚሆን፣ ፍጥነት መቀየሪያው የተዘጋ ባዮስ ለብቻው ይመጣል፤ ተማሪዎች እየነካኩ ማሽን እንዳያቃጥሉ። ሱቅ ውስጥ አይገኝም፤ ለጠየቀ ብቻ ነው የሚሰጡት።

«ማን ጠየቀ፣ እትዬ?»

«ወንድምሽ ነዋ። ቦርዱን በመረጥሽ ማግስት መጥቶ በፍላሽ ወሰደ። እህቴ ጀማሪ ናት፣ እንዳታቃጥለው አለኝ። እኔም እንዴት ያለ አሳቢ ወንድም ሰጣት እያልኩ ነበር።»

ሚሊ ወንበር ጠይቃ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አየችው። ለእሷ ፈርቶ ሊሆን ይችላል፤ የሰው ልጅ ይፈራል። ግን ፈርቶ ከዘጋው፣ ፈተናው ሲከሽፍ ዘግቼዋለሁ ይላል። እሱ ያለው ቦርዱ መጥፎ ነው ነው። ፍርሃቱን ለአስመጪዋ ተናገረ፣ ለእሷ ግን ምርጫሽ ነው የበደለሽ አላት። ፍርሃቱን የቱንም ያህል ብታዞረው ከዚህ ቃል ጋር አልገጥም አላት።

ትክክለኛውን ባዮስ በፍላሽ ለመነች። አስመጪዋ ራሳቸው ሊጭኑላት ነበር። «ሱቁ ውስጥ ነው የምጭነው» አለች።

ሱቅ ስትደርስ ወንድሟ ስልክ እየበየደ ነበር። ቻርጀር በሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ክርኑን ተክሎ ቪዲዮ ያያል። ሚሊ ማሽኑን የደንበኞች መቀበያው ላይ አስቀመጠችና ከአስመጪዋ ዘንድ መምጣቷን ተናገረች። ሌላ ማለት አላስፈለጋትም። የወንድሟ እጅ ከመበየጃው ጋር አየር ላይ ቀረ።

ብዙ ነገር አወራ። ሚስቱ ለወንድሟ ለቻርጀር ሥራ ስጠው እያለች እንቅልፍ ነሥታው እንደነበር፣ ጠረጴዛውንም ለእሷ ከሚሊ በፊት ቃል እንደገባላት፣ ለሚሊ በእናታቸው ፊት የገባው ቃል ሳያስበው ከአፉ እንዳመለጠ። ጌጠኛውን ቦርድ ብትወስድ ኖሮ በራሱ ጊዜ ግሎ ይጠፋ ነበር፤ ጥቁሩን ስትመርጥ ግን እንደሚሳካላት አወቀ። ሁለት ሴቶች መሀል ገብቶ የሚያደርገው ጠፋው።

«እምቢ ብትለኝ አንድ ቀን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር» አለችው ሚሊ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «አንተ ግን ዓይኔን ነው የሰረቅኸኝ፣ ወንድም ጋሼ። የሰው መነጽር በእጄ ይዤ በራሴ ዓይን ተጠራጠርኩ።»

«ታናሼ ነሽ። ትረሺዋለሽ ብዬ ነው።»

ፍላሹን ሰካች። ቻርጀር ትራሱን ትቶ መጣና፣ መብራት ቢጠፋስ ብሎ የሱቁን የኃይል ባትሪ ከመደርደሪያው ሥር ጎትቶ አገናኘላት። ከዚያም ወደ አማቹ ዞሮ «ይኼ ማሽን ተበላሽቷል ብለኸኝ አልነበር ጋሼ?» አለ።

ባዮሱ ተጫነ። ሚሊ አምስት ጊጋኸርዝ ጻፈች፣ ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ፣ ስክሪኑም የጻፈችውን መልሶ አሳያት። ፕሮሰሰሩን እስከ ጥጉ የሚያሠራውን ፕሮግራም ከፍታ፣ ወንበር አልጠየቀችምና እጇን አጣምራ ቆመች። አንዲት ደንበኛ ላፕቶፗን ልትወስድ መጥታ፣ የሰዎቹን ፊት አይታ ሒሳቧን ቶሎ ከፍላ ወጣች። ወንድሟ ያው ስልክ ላይ ያንኑ ነጥብ ደጋግሞ በየደ። የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ያፏጫል።

አንድ ሰዓቱ ሞላ፤ ማሽኑ አልጠፋም። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው ቻርጀር ነው። ትራሱን ብብቱ ሥር አድርጎ ከጠረጴዛው ራቅ አለ።

«እና ጋሼ፣ እኔ ልነሳ?»

ወንድም ጋሼ ስክሪኑን አየ፣ እህቱን አላየም። መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አሳረፈው።

«ተቀመጥ» አለው።

ቻርጀር ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሚሊ ማሽኑን ከማጥፋቷ በፊት ጎንበስ ብላ ንባቡን አየች። ፍጥነቱ አምስት ጊጋኸርዝ፣ የኃይል ክፍሉ ከፍተኛ ሙቀት ሰባ አንድ ዲግሪ፤ ከሚቃጠልበት ገና ሩቅ ነው። ዓይኗ አልተሳሳተም ነበር።