ጾመኛው ፍሪጅ

አክስቴ ታየች በውጭ አገር፣ ዌስት ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር፣ ምግብ ቤት አላቸው። የሥጋውን ፍሪጅ ሙቀት በየቀኑ ቅጽ ላይ መዝግበው መፈረም አለባቸው። ነገ የካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ ቅጹ ካልተሞላ ፈቃዳቸው ላይታደስ ይችላል። ዛሬ ስገልጠው ሃምሳ አምስት ቀን ባዶ ነው።

«ሁዳዴ ነበራ! ሥጋ ስለሌለ ፍሪጁን አጠፋሁት። ምኑን ልለካ?»

«‹ጠፍቷል› ብለው በየቀኑ መፈረም ነበረብዎት።»

«ምንም አለመሥራቴን በየቀኑ ልፈርም? አሥር ዓመት ሰው ሳበላ ማን ታመመብኝ?»

«እሺ፣ እኔ ቁጥር ልሙላበት?»

«በፋሲካ ማግሥት ልታስዋሺኝ ነው?»

እስክሪብቶውን ነጠቁኝ። በባዶዎቹ ቀናት ላይ ከላይ እስከ ታች አሰመሩና በአማርኛ «ጾም ነበር» ብለው ጽፈው ፈረሙ።

«እትዬ፣ ሰውየው አማርኛ አያነብም።»

«አፍ የለውም? ይጠይቀኝ!»

ቅጹን ፍሪጁ በር ላይ ለጠፍኩት።