በሰላም ይለፉ

“ታንኳ መጣ!” ብሎ ተጣራ አድማሴ፣ የሚገፋበትን ቀርከሃ ከውሃው አውጥቶ ጭኑ ላይ እያጋደመ።

የርብ ወንዝ ከሚታጠፍበት፣ ከሾላው ሥር፣ መልስ ቶሎ አልመጣም። ታንኳው በራሱ ጊዜ ተንሳፍፎ ጥቂት ወረደ። አድማሴ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። አጥማጁ ማረው ከተቀመጠበት ግንድ ላይ ብድግ ብሎ፣ መንጠቆ የታሰረበትን ገመድ እየሳበ ክንዱ ላይ ሲጠቀልል ታየው። ጠቅልሎ እስኪጨርስ ፊቱን ወደ ታንኳው አላዞረም።

“በሰላም ይለፉ፣ አያ አድማሴ።”

“አሜን! እንዴት ዋልክ?”

“እግዜር ይመስገን።”

“ውሃው ዛሬ ቀለል ብሏል፣ አይዶል?”

“ብሏል።”

በዚሁ አለቀ። ታንኳው መታጠፊያውን አለፈ። አድማሴ ዞር ብሎ ቢያይ ማረው ገመዱን ክንዱ ላይ እንዳደረገ ቆሟል፤ ውሃው እስኪረጋ እየጠበቀ ነው።

ደንቡ የቆየ ነው። በርብ ላይ ታንኳ የሚነዳ ሰው አጥማጅ ካለበት ሳይደርስ ይጣራል። አጥማጁ ገመዱን ይሰበስብና “በሰላም እለፍ” ይላል። ባለታንኳው ደግሞ ቁልቁል ከሆነ ቀርከሃውን አንሥቶ ውሃው እንደወሰደው ያልፋል፤ ሽቅብ ከሆነ ማዶውን ዳር ይዞ በቀስታ ይገፋል። ድሮ በዚህ ነገር ያልተሰባበረ ቀርከሃ፣ ያልተበጠሰ ገመድ አልነበረም። ሽማግሌዎች ደንቡን ያወጡት ሰው ከሰው እንዳይጣላ ብለው ነው። አድማሴ ግን ለሌላ ነገር ካዋለው ሰነባብቷል።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ናፍቆት ነው።

ሚስቱ ጥሩብርሃን ካረፈች ሁለት ክረምት ሆናት። ልጁ ድንቅነሽ ሐሙሲት ተድራ የራሷን ጎጆ ይዛለች፤ የምትመጣው ለፋሲካ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ይጠራው ነበር። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆ ይመለሳል። ኋላ ግን አፈረ። እሱ በተራው ጠርቶ የሚያበላበት ቤት የለውማ! ጠላ የሚጠምቅለት፣ እንጀራ የሚያቀርብለት ማን አለና? ስለዚህ ሲጠሩት “አሞኛል” ማለት ጀመረ። “አሞኛል” ሲበዛ ሰዉም መጥራቱን ተወ። ማታ ማታ በሬውን “ደህና እደር” ይለዋል፤ እሱንም ቢሆን ሰው ሰምቶ እንዳያማው በለሆሳስ ነው።

የቀረው መታጠፊያው ብቻ ነበር። እዚያ ማረው አለ፤ ማረው ደግሞ በደንቡ መሠረት መመለስ አለበት። እናም አድማሴ ለመመላለስ ምክንያት አይጠፋውም። ዛሬ ጠዋት ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ደርሶ እንደሆነ ልይ ብሎ ሽቅብ ወጣ። ደንገሉን ትናንትም አይቶት ነበር፤ የትም አልሄደም። ረፋድ ላይ ተመለሰ። ቀትር ላይ ከላይ ሰው የተጣራ መሰለውና እንደገና ወጣ፤ ማንም አልነበረም። እነሆ አሁን ወርዶ ቤቱ ሳይደርስ ልቡ አላስችል አለውና፣ እንደገና ታንኳውን አዙሮ ማዶውን ዳር ይዞ ወጣ። “ታንኳ መጣ!” አለ። ማረው ገና የጣለውን ገመድ ሰበሰበ። “በሰላም ይለፉ” አለ፤ ድምፁ ግን ደከም ብሏል።

የላይኛው መሻገሪያ ሲደርስ፣ ተመስገን፣ የእውነት መንገደኛ አገኘ። ንግሥቲ ናት፤ የማረው ጎረቤት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ አገልግል ይዛ ቆማለች።

“አያ አድማሴ፣ ያሻግሩኛል? እናቴ ቤት ማኅበር አለብኝ።”

“ምን ገዶኝ! ግቢ፣ ግቢ። እዚህ ጋ ደረቅ ነው።”

ቀርከሃውን ወደ ጭቃው እየሰደደ ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጤፉ አወራ፣ በሜዳው ላይ ስለ ተኛው ውሃ አወራ። ንግሥቲ ሁሉንም “እ” እያለች ሰማችው። ከዚያ፦

“በማረው በኩል ነው የመጡ?” አለችው።

“አዎ። ደህና ነው። ዝምተኛ ሆነ እንጂ።”

“ይዟል?”

“ምኑን?”

“ዓሣውን ነዋ!”

አድማሴ ማረውን ይህን ሁሉ ቀን ስለ ውሃው ሲጠይቀው፣ ያዝክ ወይ ብሎት አያውቅም። ከግንዱ አጠገብ ዓሣ ይኑር አይኑር እንኳ ልብ አላለም።

“እኔንጃ” አለ።

“ሚስቱ ገላነሽ እኮ ጉልበት አጣች” አለች ንግሥቲ። “ንዳዱስ ለቀቃት። እህል ግን አልረጋላት አለ፤ ያቀመስናትን ሁሉ ትመልሳለች። ላሚቱ ሞታባቸው ወተት የለ። ሆዷ የተቀበለው የአምባዛ ዓሣ መረቅ ብቻ ነው። እሱን ስትጠጣ ቀና ብላ ተቀምጣ ነበር። ይኸው ከሰኞ ወዲህ ማረው ባዶ እጁን ይገባል፤ እሷም ተመልሳ ተኛች። ፈራሁላት።”

“ለምን? ይህ ወራት እኮ አምባዛው ከጣና ሽቅብ የሚጎርፍበት ነው!”

ንግሥቲ አገልግሉን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። “እኔ አለችኝ እንዳይሉ።”

“በይ ተናገሪ።”

“ታንኳው አላስቀምጥ አለኝ ይላል። ገመዱን ሲጥል ይጣራሉ፤ ይሰበስባል። ውሃው ሊረጋ ሲል ደግሞ ይመለሳሉ። ዓሣው ያንን መታጠፊያ ሸሸው።”

የአድማሴ ጆሮ ጋለ። “ታዲያ ለምን አይነግረኝም? አፍ የለውም?”

“እንዴት አርጎ? የአባቱን እኩያ በዚህ አይለፉብኝ ይበል? እኔ ልንገራቸው ስለው እሱ ነው የከለከለኝ። ‘ተይ፣ መንገደኛ በዝቶላቸው ነው፤ እንጀራቸውን አልዘጋም’ አለ።”

አድማሴ ማዶ አድርሷት፣ “እግዜር ይስጥልኝ” ብላው ስትሄድ ራሱን ነቀነቀ። መንገደኛ በዝቶላቸው! ከገበያ ቀን በቀር በዚህ ሳምንት ታንኳው ላይ የተቀመጠች ሰው ንግሥቲ ብቻ ናት። አንዲት በሽተኛ መረቅ ስታጣ፣ እሱ “በሰላም ይለፉ” እንዲሉት ወንዙን ሲያምስ ከርሟል። ለጠላቱም የማይመኘው ኀፍረት ያዘው።

ተመልሶ በወዲህኛው ዳር ታንኳውን ከውሃው ጎትቶ አወጣ። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ነበር፤ ወገቡን እያመመው ዛፍ ላይ አስደግፎ አቆመው። ከዚያ በጭቃው መንገድ በእግሩ ወደ ቤቱ አቀና። ዝም ብዬ ባልፍ ይሻላል፣ ዓሣው ይመለስለታል፣ ነገሩም በዚሁ ይቀራል ሲል አሰበ።

ከመታጠፊያው በላይ ሲደርስ በቅጠሉ መካከል ቁልቁል አየ። ማረው ከግንዱ ላይ ቆሟል። ገመዱ ክንዱ ላይ ተጠቅልሏል። ዓይኑ ሽቅብ ወንዙ ላይ ነው። ውሃው ደግሞ ረግቶ ጥርት ብሏል፤ ለማጥመድ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

አድማሴ እስኪገባው ትንሽ ቆየ። ማረው የሚጠብቀው እሱን ነው። ሽማግሌው ይመለሳሉ፣ ጥዬ ከምሰበስብ አልፈው ይሂዱ ብሎ እየመሸበት ቆሟል።

“ማረው!”

ማረው ደንግጦ ታንኳውን በውሃው ላይ ፈለገ።

“እዚህ ነኝ፣ ከመንገዱ። ገመድህን ጣል።”

“አያ አድማሴ! ታንኳው ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነም። ከላይ ትቼው መጣሁ። ከእንግዲህ በዚህ አላልፍም፤ ገበያ ቀን ሰው ካለ ብቻ፣ እሱንም በማለዳ።”

“ኧረ በማርያም! አስቀየምኩዎ?”

አድማሴ ቁልቁለቱን ወረደ። መንገደኛ ጠፋ ብሎ ሊያሳብብ ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። አላለውም።

“መንገደኛ አልነበረኝም” አለ። “ባዶዬን ነበር የምመላለስ።”

“ምን ፍለጋ?”

“ሰው ፍለጋ።”

ማረው ግንዱ ላይ ያለውን ጋቢውን ወደ ዳር ገፋ። “ይቀመጡ እንጂ። ይረፉ።”

ይቀመጡ የሚለው ሰው ከየት ይገኛል! ግን አድማሴ ራሱን ያውቃል፤ አንዴ ከተቀመጠ የሁለት ክረምቱን ወሬ ሲዘረግፈው ማደሩ ነው፣ አምባዛው ደግሞ ጆሮ አለው።

“ገላነሽ ከማን ጋር ናት?” አለ።

“ብቻዋን። ንግሥቲ ማኅበር ሄደችብኝ።”

“በል አንተ አጥምድ። እኔ ሄጄ አጠገቧ ልቀመጥ።”

“አያ አድማሴ፣ ቤቱ እኮ… የሚቀመስ ነገር የለም። ማን ያስተናግድዎታል?”

“ልበላ መሰለህ የምሄድ? ጣል አልኩህ፣ ሳይመሽ!”

ገመዱ ውሃውን ሲነካ ድምፁን ከኋላው ሰማ። ዞሮ አላየም።

የማረው ቤት ከጉብታው ላይ ናት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጭስ አይወጣም። አድማሴ አጥሩ ጋ ቆሞ የእግሩን ጭቃ በሣር ጠረገ። ጋቢውን አወረደና መልሶ ለበሰው። የራሱ ቤት መንገድ በቀኝ በኩል ነው፤ ቢሄድ ማንም አያየውም። በሰው ደጅ ቆሞ ምን እንደሚባል የረሳ መሰለው።

“ቤቶች!” አለ በለሆሳስ።

ከውስጥ የመለሰ የለም። አድማሴ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ፣ ወንዙ ላይ እንደሚጣራው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለተኛ ተጣራ።